ከላፕቶፕ እስከ ፀጉር ቤቱ መስኮት፦ ራዝቤሪ ፓይ ላይ አማርኛ የሚያሳይ ስክሪን አሠራር

ጥምቀት ሲቃረብ ጎንደር ውስጥ ፀጉር ለመቆረጥ ተራ መያዝ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ፒያሳ አካባቢ ያለው የሰፈሬ ፀጉር ቤት በዚያ ሰሞን ከጠዋት እስከ ማታ ሰው አይለየውም። ተራ የሚያዘው በቃል ነው። አንዱ ተራውን ይዞ ቡና ሊጠጣ ይወጣል፤ ሲመለስ ሌላ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያገኛል። ከዚያ ጭቅጭቅ ነው። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። አንድ ቀን ፀጉሬን እየቆረጠኝ «አንተ ኮምፒውተር ስትነካካ ነው የምትውለው፤ ለዚህ ነገር መላ አታጣም» አለኝ።

መላው ይኸው። አንድ ራዝቤሪ ፓይ 3 (በአንድ ቦርድ ላይ ያለቀ ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ከዚህ በኋላ «ቦርዱ» የምለው እሱን ነው)፣ አንድ ባለ 2.8 ኢንች ስክሪን፣ አንድ መጫኛ ቁልፍ። ጋሼ ቁልፉን ሲጫን ስክሪኑ ላይ «ተራ 14» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ይወጣል፤ በራሳችን ፊደል። እዚህ ላይ የደረስኩበትን መንገድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ላሳያችሁ። ፕሮግራሙ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ኮምፓይል የሚደረገው፣ ማለትም ኮዱ ፕሮሰሰሩ ወደሚረዳው መልክ የሚቀየረው፣ ላፕቶፕ ላይ፣ የሚሠራው ቦርዱ ላይ ነው። ይህን የሚያደርገው መሣሪያ ክሮስ ኮምፓይለር ይባላል፤ አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ ተቀምጦ ለሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር የሚሆን ፕሮግራም የሚያወጣ ማለት ነው።

«ለምን ቦርዱ ላይ አንሠራውም?» ትሉ ይሆናል። ትንሽ ፕሮግራም ከሆነ ይቻላል። ራዝቤሪ ፓይ 3 አራት ኮር እና 1 ጊጋባይት ራም አለው፤ ጥቂት መቶ መስመር ኮድ አይከብደውም። ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ወይም ትልቅ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የተዘጋጀ ኮድ) ሲሆን ግን ሰዓታት ይፈጃል። ለእኔ ግን ዋናው ምክንያት መብራት ነው። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ ቦርዱ የለውም። ቦርዱ ኮምፓይል እያደረገ መብራት ከጠፋ ሥራው ብቻ ሳይሆን ሜሞሪ ካርዱም ሊበላሽ ይችላል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር። የትዕዛዞቹንና የፋይሎቹን ስም እዚህ በአነጋገራቸው፣ በእኛ ፊደል ነው የጻፍኳቸው። ተርሚናል ላይ ስታስገቧቸው በላቲን ፊደል ነው። ስሙ ረዥም ሲሆን የመጀመሪያውን ክፍል ጻፉና ታብ የሚለውን ቁልፍ ሁለቴ ተጫኑ፤ ቀሪውን ራሱ ያወጣላችኋል።

መጀመሪያ ቦርዱን ጠይቁት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኮምፓይለር ከመጫናችሁ በፊት ቦርዱ ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት ማወቅ አለባችሁ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው አይበቃም።

ቦርዱን አስነሱና ዩኔም የሚለውን ትዕዛዝ ከሰረዝ ኤም ጋር ስጡት። መልሱ ከሦስት አንዱ ነው፦ አርምቪ6ኤል፣ አርምቪ7ኤል ወይም ኤአርች64። ይህ የከርነሉን ዓይነት ይነግራችኋል። ግን እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። በአሁኑ የራዝቤሪ ፓይ ሲስተም ከርነሉ 64 ቢት ሆኖ የተቀሩት ፕሮግራሞች በሙሉ 32 ቢት የሆኑበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ዲፒኬጂ የሚለውን ትዕዛዝ ፕሪንት-አርኪቴክቸር ከሚለው አማራጭ ጋር ጨምሩበት። አርምኤችኤፍ ካለ 32 ቢት፣ አርም64 ካለ 64 ቢት ነው። ኮምፓይለር የምትመርጡት በዚህኛው መልስ ነው። የእኔ ቦርድ አርምኤችኤፍ ነው ያለኝ።

ሦስተኛው ጥያቄ የሲ ላይብረሪው ቁጥር ነው። ኤልዲዲ ብላችሁ ቨርዥን የሚለውን አማራጭ ጨምሩ። ግሊብሲ 2.36 ወይም ሌላ ቁጥር ይመጣል፤ ግሊብሲ የላይብረሪው ስም ነው። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት። በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

የራዝቤሪ ፓይ ዜሮ ወይም የመጀመሪያው ራዝቤሪ ፓይ ያላችሁ ሰዎች፣ ይህች አንቀጽ ለእናንተ ናት። የእናንተ ፕሮሰሰር አርምቪ6 ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ የሚባሉት የሊኑክስ ሲስተሞች የሚሰጡት የአርምኤችኤፍ ኮምፓይለር ግን ለአርምቪ7 ነው የሚያወጣው። ፕሮግራሙ በሰላም ኮምፓይል ይሆናል፤ ቦርዱ ላይ ሲነሳ «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» ብሎ ወዲያው ይወድቃል። ኮምፓይለሩን «ለአርምቪ6 አውጣልኝ» ብትሉትም አይበቃም፤ ከእያንዳንዱ ፕሮግራም መጀመሪያ ላይ የሚለጠፈው የማስነሻ ኮድ ራሱ ቀድሞ ለአርምቪ7 ተኮምፓይሏል። ለእነዚህ ቦርዶች ከታች የምጠቅሰው ቢልድሩት ይሻላችኋል። ዜሮ 2 የሚባለው ግን ሌላ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ከራዝቤሪ ፓይ 3 ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ችግር የለበትም።

ኮምፓይለሩ

የመጀመሪያ ሙከራዬ ኡቡንቱ 24.04 ላይ ነበር። የአርምኤችኤፍ ጂሲሲን፣ የሲ ኮምፓይለሩን ማለት ነው፣ በአንድ ትዕዛዝ ጫንኩ። ፕሮግራሙን ኮምፓይል አደረግኩ፣ ወደ ቦርዱ ላክሁት፣ አስነሳሁት። «ግሊብሲ 2.38 አልተገኘም» አለኝ። ምሽቱን ሙሉ ያየሁት ይህንኑ መልእክት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኡቡንቱ 24.04 ላይ ያለው ግሊብሲ 2.39 ነው። ቦርዴ ላይ ያለው ሲስተም በዴቢያን 12 ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ግሊብሲው 2.36 ነው። አዲስ ግሊብሲ ላይ የተሠራ ፕሮግራም አሮጌው ላይ የሌለ ነገር ሊጠይቅ ይችላል። አሮጌው ላይ የተሠራ ግን አዲሱ ላይ ይሄዳል። እንግዲህ ላፕቶፓችሁ ከቦርዱ እኩል ወይም ከቦርዱ ያነሰ ግሊብሲ ይኑረው። ዴቢያን 11 ግሊብሲው 2.31 ነው፤ ዴቢያን 12 2.36፤ ዴቢያን 13 2.41። ኡቡንቱ 22.04 ደግሞ 2.35። ወረቀቱ ላይ ከጻፋችሁት ቁጥር ጋር አስተያዩት።

ሲስሩት የሚባለውን መንገድ የሚመርጡ አሉ። የቦርዱን ላይብረሪዎች በሙሉ ላፕቶፕ ላይ ገልብጦ ኮምፓይለሩን ወደዚያ ማመልከት ነው። ሞክሬዋለሁ። ከዴቢያንና ከኡቡንቱ ኮምፓይለር ጋር ግን አልተስማማኝም፤ ኮምፓይለሩ የራሱን ላይብረሪ ከጎን እያየ ይደባልቅባችኋል። ከዚያ ይልቅ ላፕቶፑ ውስጥ ከቦርዱ ጋር እኩያ የሆነ ዴቢያን ማስቀመጥ በጣም ይቀላል። ዶከር (ላፕቶፑ ውስጥ ሌላ ሲስተም ለብቻው ከልሎ የሚያስነሳ ፕሮግራም) ካላችሁ የዴቢያን ቡክዎርምን ኮንቴነር አውርዱ፤ ኮንቴነር ያ የተከለለው ሲስተም ነው። ቡክዎርም የዴቢያን 12 ስም ነው። ስታስነሱት የኮድ ፎልደራችሁን ከኮንቴነሩ ጋር አገናኙት፤ ኮንቴነሩ ቢጠፋ ኮዱ ላፕቶፑ ላይ ይቀራል።

ኮንቴነሩ ውስጥ ሦስት ነገር ታደርጋላችሁ። መጀመሪያ ዲፒኬጂን አድ-አርኪቴክቸር አርምኤችኤፍ በሉት። ይህ «የሌላ ፕሮሰሰር ፓኬጅም ተቀበል» ማለት ነው። ቀጥሎ በአፕት አፕዴት አድርጉ። ከዚያ ክሮስቢልድ-ኢሴንሻል-አርምኤችኤፍ የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑ። ኮምፓይለሩን፣ ሊንከሩንና (ኮዱን ከላይብረሪዎቹ ጋር የሚያገናኘውን) የሲ ላይብረሪውን አንድ ላይ ያመጣል። ፊደል ለመሳል ደግሞ ሊብፍሪታይፕ-ዴቭ የሚለውን፣ ከስሙ በኋላ ሁለት ነጥብና አርምኤችኤፍ ጨምራችሁ ጫኑ። ሁለት ነጥቧን ከረሳችሁ የላፕቶፑን ላይብረሪ ነው የሚጭንላችሁ፤ በኋላ ሊንከሩ «የማይስማማ ፋይል ነው» እያለ ያስቸግራል። ሲስተማችሁ 64 ቢት ከሆነ በአርምኤችኤፍ ቦታ አርም64 በሉ።

ኢንተርኔቱ ደህና በሆነ ሰዓት ይህን ሁሉ አንዴ ጨርሱት። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ኢንተርኔት አይፈልግም። ላፕቶፑንና ቦርዱን በኔትወርክ ኬብል በቀጥታ ማገናኘት ትችላላችሁ።

ስክሪን ሳትነኩ አንድ ሙከራ

«ሰላም ጎንደር» ብሎ የሚያትም አምስት መስመር ፕሮግራም ጻፉ። ኮምፓይል የምታደርጉት ጂሲሲ ብላችሁ አይደለም። ስሙ አርም-ሊኑክስ-ግኑኢኤቢአይኤችኤፍ-ጂሲሲ ነው። አርም ብላችሁ ታብ።

ወደ ቦርዱ ከመላካችሁ በፊት ፋይል በሚለው ትዕዛዝ የወጣውን ፕሮግራም እዩት። ኤልፍ፣ 32 ቢት፣ አርም የሚል መልስ ካገኛችሁ ልክ ናችሁ። ኤክስ86 ካለ የላፕቶፑን ኮምፓይለር ነው የተጠቀማችሁት። ይህች አሥር ሰከንድ የማትፈጅ ፍተሻ ብዙ ሰዓት ታተርፋለች። ፋይል በኔትወርክ በሚልከው ትዕዛዝ፣ በኤስሲፒ፣ ላኩትና አስነሱት።

ካልተነሳ መልእክቱን በደንብ አንብቡት፤ እያንዳንዱ የራሱ ትርጉም አለው። «ኤክሴክ ፎርማት ኤረር» ካለ ፕሮግራሙ የሌላ ፕሮሰሰር ነው። «ኖ ሰች ፋይል ኦር ዳይሬክተሪ» የሚለው ግን ሰውን ያሳብዳል። ፋይሉ ፊታችሁ ተቀምጧል፤ ሲስተሙ «የለም» ይላል። የሌለው ፋይሉ አይደለም። ፕሮግራሙን የሚያስነሳው ሎደር ነው። የ32 ቢት ፕሮግራም ንጹህ 64 ቢት ሲስተም ላይ ስታስነሱ የሚመጣው ይሄ ነው። ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ወደ ዲፒኬጂው ተመለሱ። «ፐርሚሽን ዲናይድ» ከሆነ ቀላል ነው፤ ፋይሉ እንዲነሳ የሚፈቅደውን ትዕዛዝ ስጡ፦ ቸሞድ ፕላስ ኤክስ።

ሽቦው

የተጠቀምኩት ስክሪን አይኤልአይ9341 የሚባል ቺፕ ያለው፣ ኤስፒአይ በሚባለው መስመር የሚነጋገር፣ 240 በ320 ነጥብ ያለው ነው። ብዙ ቦታ የሚገኝ ዓይነት ነው። እኔ ያስመጣሁት ከአዲስ አበባ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው። አንዱን ባቃጥል ሌላ እስኪመጣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ስለማውቅ ሽቦ ስሰካ አልቸኩልም። እናንተም አትቸኩሉ። ቦርዱ መብራት ላይ እያለ ምንም አትስኩ።

የቦርዱ ፒኖች ቁጥር ከሜሞሪ ካርዱ በኩል ካለው ጫፍ ይጀምራል፤ ጎዶሎዎቹ በአንድ ረድፍ፣ ሙሉዎቹ በሌላው ረድፍ ናቸው። የስክሪኑን ቪሲሲ ከፒን 1 ጋር አገናኙ፤ 3.3 ቮልት ነው። ግራውንዱን ከፒን 6 ጋር። ሲኤስ ከፒን 24፣ ሪሴት ከፒን 22፣ ዲሲ ከፒን 18፣ ሞሲ ከፒን 19፣ ኤስሲኬ ከፒን 23 ጋር። ሌድ የሚለውን፣ የስክሪኑን መብራት ማለት ነው፣ ከፒን 17 ጋር፤ እሱም 3.3 ቮልት ነው። ሚሶ ለዚህ ሥራ አያስፈልግም።

የ5 ቮልት ፒኖች 2 እና 4 ናቸው፤ ከፒን 1 አጠገብ። ከእነሱ ራቁ። የራዝቤሪ ፓይ የምልክት ፒኖች የሚችሉት 3.3 ቮልት ብቻ ነው፤ 5 ቮልት ከነካቸው ቦርዱ ይሞታል። እኔ በሁለቱ ላይ ትንሽ ፕላስተር ለጥፌባቸዋለሁ።

ሽቦው ከ15 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ረዥም ሽቦ ላይ ፈጣን ምልክት ይበላሻል።

ስክሪኑን ማንቃት

አሁን ከርነሉ ስክሪኑን እንዲያውቀው እናድርግ። አዲስ ነገር ኮምፓይል ማድረግ አያስፈልግም። ድራይቨሩ ከራዝቤሪ ፓይ ከርነል ጋር አብሮ ይመጣል። የሚቀረው የት እንደተሰካ መንገር ነው። ይህን የሚነግረው ዲቫይስ ትሪ ይባላል፤ ቦርዱ ላይ ምን ከምን ጋር እንደተገናኘ የተጻፈበት ካርታ ነው። ኦቨርሌይ ደግሞ በዚያ ካርታ ላይ የምትጨምሩት ተጨማሪ ቁራጭ ነው።

/ቡት/ፈርምዌር ውስጥ ኮንፊግ.ቴክስት የሚባለውን ፋይል ክፈቱ። ከዴቢያን 12 በፊት ባሉት ሲስተሞች በቀጥታ /ቡት ውስጥ ነው። መጨረሻው ላይ ሁለት መስመር ጨምሩ፦

ዲቲፓራም=ኤስፒአይ=ኦን
ዲቲኦቨርሌይ=ኤፍቢቲኤፍቲ,ኤስፒአይ0-0,አይኤልአይ9341,ቢጂአር,ሪሴት_ፒን=25,ዲሲ_ፒን=24,ሮቴት=90,ስፒድ=32000000

ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ 25 እና 24 የፒኑ ተራ ቁጥሮች አይደሉም። የጂፒአይኦ ቁጥሮች ናቸው፤ ፕሮሰሰሩ ራሱ የምልክት ፒኖቹን የሚጠራባቸው። ፒን 22 ጂፒአይኦ 25 ነው፤ ፒን 18 ጂፒአይኦ 24። ሁለቱን አቆጣጠር ማምታታት በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

ሪቡት አድርጉና /ፕሮክ/ኤፍቢ የሚለውን ፋይል አንብቡ። ኤፍቢ_አይኤልአይ9341 የሚል ስም ካያችሁ ከርነሉ ድራይቨሩን አንቅቶታል። ከፊቱ ያለው ቁጥር ስክሪኑ የያዘው የፍሬምበፈር (ስክሪኑ ላይ የሚታየው ምስል የሚቀመጥበት ሜሞሪ) ቁጥር ነው። ቲቪ በኤችዲኤምአይ ስትሰኩ ስክሪኑ 1 ይሆናል፤ ሳትሰኩ ግን 0 ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ ከሞኒተር ጋር ስሞክር 1 ነበር። ፀጉር ቤት ወስጄ ስሰካው ባዶ ሆነብኝ። ቁጥሩን ፕሮግራሙ ውስጥ በድፍኑ ጽፌው ነበር። አሁን ፕሮግራሙ ሲነሳ መጀመሪያ /ፕሮክ/ኤፍቢን አንብቦ በስሙ ነው የሚፈልገው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ቀጥሎ ያለ ምንም ፕሮግራም እንፈትነው። ዲዲ በሚለው ትዕዛዝ ከ/ዴቭ/ዩራንደም ወደ /ዴቭ/ኤፍቢ1 ጻፉ፤ ቁጥራችሁ 0 ከሆነ ወደ /ዴቭ/ኤፍቢ0። ስክሪኑ በጉራማይሌ ነጠብጣብ ይሞላል። ትዕዛዙ መጨረሻ ላይ «ቦታ አልቋል» ይላል፤ ስክሪኑ ሞላ ማለት ነው እንጂ ስህተት አይደለም።

ነጠብጣቡ ካልመጣስ? ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ የሌዱን ሽቦ እዩ። ነጭ ሆኖ ከቀረ መብራቱ አለ፣ ቺፑ ግን ትዕዛዝ አልደረሰውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ዲሲ ወይም ሪሴት ላይ ነው። ምስሉ ከተቆራረጠ ወይም ከተንቀጠቀጠ ፍጥነቱን ወደ 16000000 አውርዱ። ስሌቱን እንየው። አንድ ሙሉ ምስል 240 በ320 ነጥብ፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ 2 ባይት፣ በድምሩ 153,600 ባይት ነው። በ32 ሜጋኸርዝ በሰከንድ 26 ያህል ምስል ያልፋል፤ በ16 ደግሞ 13። ለተራ ቁጥር 13ም ከበቂ በላይ ነው።

ሦስት ቀለም

ፊደል ከመሳላችሁ በፊት ስክሪኑን በአንድ ቀለም የሚሞላ ትንሽ ፕሮግራም ጻፉ። ይህን ደረጃ አትዝለሉ። እዚህ ያልተያዘ ስህተት ፊደል ላይ ሲደርስ ምን እንደሆነ አይለይም።

ፕሮግራሙ ፍሬምበፈሩን ይከፍታል፣ በአዮኮንትሮል (ድራይቨሩን መጠየቂያ ጥሪ ነው) ስፋቱን፣ ቁመቱንና የአንድ መስመር ርዝመት በባይት ስንት እንደሆነ ይጠይቃል፣ ከዚያ በኤምማፕ ወደ ራሱ ሜሞሪ ያመጣዋል። የመስመሩን ርዝመት ከስፋቱ አስልታችሁ አትገምቱ። ጠይቁት። በእኛ ስክሪን 320 ሲባዛ በ2፣ 640 ነው። ሌላ ስክሪን ላይ ግን መስመሩ መጨረሻ ላይ ትርፍ ባይት ሊኖር ይችላል። ያኔ ምስሉ ሰያፍ ሆኖ ይወጣል።

ቀለሙ 16 ቢት ነው፤ ለቀይ 5፣ ለአረንጓዴ 6፣ ለሰማያዊ 5። ሙሉ ቀይ 63488፣ ሙሉ አረንጓዴ 2016፣ ሙሉ ሰማያዊ 31 ነው። ተራ በተራ ሙሉበት። ቀይ ብላችሁ ሰማያዊ ከወጣ ኦቨርሌዩ ውስጥ ቢጂአር የሚለውን አውጡት፤ ወይም ከሌለ ጨምሩት። ሦስቱም ልክ ሲመጡ ሻይ ጠጡ። ከባዱ አልፏል።

ፊደላችን

የሊኑክስ ጥቁር ተርሚናል ፊደል የሚስለው ከተወሰነ ሰንጠረዥ ነው፤ ቢበዛ 512 ቅርጽ ይይዛል። የእኛ ፊደል እዚያ ውስጥ ይገባል። ዴቢያን ኮንሶል-ሴታፕ በሚባለው ፓኬጁ ውስጥ የግዕዝ የኮንሶል ፎንት አለው፤ አንደኛው ስሙ ጎሃ ነው፤ እንደ ጎንደሩ ኮረብታ። ለጎንደር ልጅ ይህን ስም እዚያ ማግኘት ደስ ይላል። ነገር ግን የኮንሶል ፎንት ትንሽ ነው። ከበር ላይ ሆኖ የሚነበብ «ተራ 14» አይወጣውም። ለዚያ ፍሪታይፕ የሚባለው ላይብረሪ ያስፈልጋል፤ የፎንት ፋይል ያነብና በፈለጋችሁት መጠን ይስላል።

ደስ የሚለው ነገር፣ አማርኛ ለፕሮግራመር ቀላል ጽሕፈት ነው። ዐረብኛ ፊደሉ እንደ ቦታው ቅርጹን ይቀያይራል፤ ሂንዲ አናባቢው ከተነባቢው ጋር ይጣበቃል። ለእነሱ ተጨማሪ ላይብረሪ ግድ ነው። የእኛ ግን «ተ» አንድ ኮድ፣ «ቱ» ሌላ ኮድ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው የቆመ ቅርጽ። ፍሪታይፕ ብቻውን ይበቃናል።

መጀመሪያ ጽሑፉን ወደ ኮድ መቀየር አለብን። ፋይሉ ውስጥ ያለው ዩቲኤፍ-8 የሚባለው የፊደል አጻጻፍ ሥርዓት ነው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ጎንደር» አራት ፊደል ነው፣ ኮምፒውተሩ ጋ ግን 12 ባይት። ኤስቲአርለን ብላችሁ ብትቆጥሩ 12 ነው የሚላችሁ፤ እንዳትደናገጡ።

በ«ተ» እንየው። ባይቶቹ 225፣ 137 እና 176 ናቸው። ከመጀመሪያው 224 ቀንሱ፤ 1 ይቀራል። ከሁለተኛው 128 ቀንሱ፤ 9። ከሦስተኛውም 128 ቀንሱ፤ 48። አሁን የመጀመሪያውን በ4096 አባዙ፣ ሁለተኛውን በ64፣ ሦስተኛውን እንዳለ ደምሩት። 4096 እና 576 እና 48፣ በድምሩ 4720። የ«ተ» የዩኒኮድ ቁጥር ይህ ነው። ከ128 በታች የሆነ ባይት ከመጣ ደግሞ ራሱ ኮዱ ነው፤ ክፍት ቦታና 14 የሚለው ቁጥር እንዲያ ነው የሚመጡት። ለዚህ ሥራ ከዚህ የበለጠ መፍቻ አያስፈልግም።

ከዚያ ፍሪታይፕ። ላይብረሪውን ታስነሳላችሁ፣ የፎንት ፋይሉን ትከፍታላችሁ፣ መጠኑን በነጥብ ትሰጡታላችሁ። እኔ ለ«ተራ» 60፣ ለቁጥሩ 140 ሰጥቻለሁ። ለእያንዳንዱ ኮድ ኤፍቲ_ሎድ_ቻርን ከሬንደር አማራጩ ጋር ስትጠሩ ከ0 እስከ 255 ድረስ በግራጫ ደረጃ የተሳለ ምስል ይሰጣችኋል። 0 ባዶ፣ 255 ሙሉ ቀለም ነው። ያንን ወደ 16 ቢት ቀይራችሁ ፍሬምበፈሩ ላይ ታኖሩታላችሁ። መካከለኛዎቹን ደረጃዎች አትጣሏቸው። እነሱ ናቸው የፊደሉን ጠርዝ ለስላሳ የሚያደርጉት። የ«ራ» እግር ያለ እነሱ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይታያል።

ሁለት ቦታ ላይ ተጠንቀቁ። ምስሉ የሚቀመጥበት ከፍታ የሚለካው ፊደሉ ከሚቆምበት መስመር ነው። ቢትማፕ_ቶፕ የሚለውን ከመስመሩ ቀንሱ፤ አለዚያ ፊደሎቹ ሁሉ ራሳቸው እኩል ሆኖ እግራቸው ይዛነፋል። ሁለተኛው፣ ለቀጣዩ ፊደል የሚሰጠው ርቀት በነጥብ ሳይሆን በነጥብ 64ኛ ነው። በ64 ካላካፈላችሁ «ተ» ይታይና «ራ» ከስክሪኑ ውጭ ይወድቃል።

ፎንቱ ነጻ ይሁን። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አለ፤ አቢሲኒካ አለ፤ ሁለቱም ዴቢያን ውስጥ ይገኛሉ። ቦርዱ ላይ ፎንቱንና ሊብፍሪታይፕ6ን መጫን አትርሱ። ላፕቶፑ ላይ መኖራቸው ለቦርዱ አይጠቅመውም። ከመወሰናችሁ በፊት ፎንቱ ከ0 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች እንዳሉት አረጋግጡ። ኤፍቲ_ጌት_ቻር_ኢንዴክስ 0 ከመለሰ ያ ቅርጽ የለም ማለት ነው፤ ስክሪኑ ላይ ባዶ ሳጥን ይሆናል። ያኔ ለቁጥሩ ሌላ ፎንት ክፈቱ።

ኮምፓይል ስታደርጉ የፍሪታይፕ ሄደር ያለበትን ፎልደር፣ /ዩዘር/ኢንክሉድ/ፍሪታይፕ2ን፣ በሰረዝ ትልቁ አይ ስጡት። መጨረሻ ላይ ሰረዝ ትንሹ ኤል ፍሪታይፕ። ትንሹ ኤል ከኮድ ፋይሉ ስም በኋላ ይምጣ፤ ከፊት ከሆነ ሊንከሩ ላይብረሪውን ሊዘለው ይችላል።

ሙሉ ሲስተም ለሚፈልግ

አርምቪ6 ቦርድ ያላችሁ፣ ወይም በጥቂት ሰከንድ የሚነሳ፣ ትርፍ ነገር የሌለበት ሲስተም የምትፈልጉ፣ ቢልድሩትን ተጠቀሙ። ኮምፓይለሩን ራሱ ከምንጩ ይሠራል፤ ከዚያ በእሱ ከርነሉን፣ ላይብረሪውንና ፕሮግራሞቹን ሠርቶ አንድ የካርድ ኢሜጅ ያወጣል። ሁሉም ከአንድ ቦታ ስለሚወጣ የግሊብሲ አለመግባባት የሚባል ነገር የለም። ሜክ ብላችሁ የቦርዳችሁን ዴፍኮንፊግ ስጡት (ለእኔ ቦርድ ራዝቤሪፓይ3_ዴፍኮንፊግ ነው፤ አርምቪ6 ላላችሁ ግን ይህ አይሆንም)፣ ከዚያ ሜክ ሜኑኮንፊግ ገብታችሁ ፍሪታይፕን ምረጡ።

ለእኛ አገር የሚሆን አንድ ምክር አለኝ። ወዲያው ሜክ አትበሉ። መጀመሪያ ሜክ ሶርስ በሉ። የሚያስፈልገውን ኮድ በሙሉ አውርዶ ዲኤል ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ካምፓስ ወይም ኔትወርኩ ጥሩ የሆነበት ቦታ ሄዳችሁ አውርዱና፣ ቤት ስትመለሱ ያለ ኢንተርኔት ሥሩት። ያንን ፎልደር አትሰርዙት፤ ለጓደኛም በፍላሽ ይሰጣል። መሃል ላይ ላፕቶፑ ቢጠፋ ሜክ ብላችሁ ካቆመበት ይቀጥላል። አንድ ፓኬጅ ላይ ከተጣበቀ የዚያን ፓኬጅ ስም ጽፋችሁ ሰረዝ ዲርክሊን ጨምሩበት፤ እሱን ብቻ ያጥበዋል፤ ከዚያ ሜክ ስትሉ እንደገና ይጀምረዋል።

ፀጉር ቤቱ

ቁልፉን ከፒን 11 እና ከግራውንድ ጋር አገናኙ። ጂፒአይኦ-ኪ የሚባል ኦቨርሌይ አለ፤ ቁልፉን እንደ ኪቦርድ ቁልፍ አድርጎ ለፕሮግራሙ ያቀርብላችኋል። ፕሮግራሙን ሲስተምዲ (ፕሮግራሞችን የሚያስነሳውና የሚጠብቀው የሊኑክስ ክፍል) ከቡት ጋር እንዲያስነሳው አድርጉ፤ ሪስታርት የሚለውን ኦልዌይስ በሉት። የተርሚናሉ ጠቋሚ ስክሪኑ ጥግ ላይ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ሲኤምዲላይን.ቴክስት ፋይል ውስጥ ባለው መስመር መጨረሻ ላይ ቪቲ.ግሎባል_ከርሰር_ዲፎልት=0 ጨምሩ።

ከዚያ መብራት። ፀጉር ቤት ውስጥ ማንም ቦርዱን በሥርዓት አያጠፋውም፤ ማታ ጋሼ ማብሪያውን ይዘጋል፣ አለቀ። ስለዚህ ሁሉም ነገር ሠርቶ ካለቀ በኋላ ራስፒ-ኮንፊግ ገብታችሁ ኦቨርሌይ ፋይል ሲስተምን አብሩ። ከዚያ በኋላ ካርዱ ላይ ምንም አይጻፍም፤ የሚጻፈው ሁሉ ራም ላይ ሆኖ ሲጠፋ ይጠፋል። ተራው ጠዋት ከ1 ስለሚጀምር የሚጎዳን ነገር የለም። ፕሮግራሙን ስታሻሽሉ አጥፍታችሁት፣ አሻሽላችሁ፣ መልሳችሁ ታበሩታላችሁ።

ቻርጀሩ 5 ቮልት፣ 2.5 አምፔር ይሁን። ተራ የስልክ ቻርጀር ያስነሳዋል፣ ግን ያንገዳግደዋል። ቪሲጄንሲኤምዲ ጌት_ትሮትልድ ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱ ዜሮ ካልሆነ ቻርጀሩን ቀይሩ።

ያላሰብኩት ነገር ፀጉር ነበር። ከቶንዶዝ የሚበተነው ደቃቅ ፀጉር በሁለት ሳምንት ውስጥ ፒኖቹ መሃል ተጎዝጉዞ አገኘሁት። ቦርዱን በክዳን ሳጥን ውስጥ አድርጉት፣ የሽቦ መውጫውን በስፖንጅ ዝጉት፣ ስክሪኑን ከመስታወቱ ራቅ አድርጋችሁ በር በኩል አንጠልጥሉት። በመጨረሻም ካርዱን በሌላ ካርድ ላይ ገልብጡና መሳቢያው ውስጥ ተዉላቸው። ጋሼ ካርድ መቀየርን አንዴ አሳይቼው ይዞታል፦ ነቅሎ፣ ሰክቶ፣ ማብራት። እሁድ ጠዋት ሳልፍ በሩ ላይ «ተራ 9» ይላል፤ ባለ 11 የሆነው ሰውዬ ማዶ ሆኖ ቡናውን ይጠጣል።